ጌኦርግ ፊሊፕ ቴሌማን፤ ስሙ የጠፋበት ዝነኛ

በ1722 ዓ.ም. ላይፕሲግ በምትባል የጀርመን ከተማ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር የነበረው ዮሐን ኩናው ሞተና ቦታው ክፍት ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።) የከተማው ምክር ቤት አመልካቾችን አወዳደረና ጌኦርግ ፊሊፕ ቴሌማን የሚባለውን ሰው መረጠ። ቴሌማን ግን ይሠራበት የነበረው የሃምቡርግ ከተማ ደመወዙን ሲጨምርለት ላይፕሲግን ተወው። ቀጥሎ የታሰበው ክሪስቶፍ ግራውፕነር ነበር። የግራውፕነር ጌታ፣ የዳርምሽታት መስፍን፣ አልለቅም አለ፤ ለሱም ደመወዝ ተጨመረለት። እንዲህ እንዲህ ሲባል ቦታው በ1723 ለሌላ ሰው ደረሰ። ያ ሰው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ይባላል።

ዛሬ ሙዚቃ የሚማር ሁሉ ባኽን ያውቃል። ስሙን ሳያውቅ ዜማውን በስልኩ መጥሪያ ላይ የጫነ ሰው እንኳ አይጠፋም። ቴሌማንን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ግራውፕነርማ ከነጭራሹ አይነሳም። በዚያን ጊዜ ግን በጀርመን አገር የሙዚቃ ሰው ጥሩ ቢባል በመጀመሪያ የሚጠራው ቴሌማን ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ዝና የት ገባ? ከመቶ ዓመት በላይ ከተናቀ በኋላስ ሰውየው እንዴት ተመልሶ ተገኘ? በዚህ እትም ሕይወቱን የምናቀርበው ለዚህ ነው። ደግሞም ሰውየው መምህር ስለነበረ የኛ ቢጤ ነው ብለናል።

በአውሮፓ የሙዚቃ ታሪክ ከ1600 ገደማ እስከ 1750 ገደማ ያለው ዘመን ባሮክ ይባላል። ቴሌማን የኋለኛው ባሮክ ሰው ነው። ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው የጎንደር ዘመን መሆኑ ነው። እሱ በ1681 ሲወለድ ጎንደር ላይ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ነበሩ፤ በዓመቱ ታላቁ ኢያሱ ነገሡ። በ1767 ሲሞት ደግሞ ዙፋኑ ላይ የነበሩት የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስ ናቸው። በአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ንጉሥ አለፈ! ቴሌማን 86 ዓመት ኖሯል።

የዘመኑን ሙዚቃ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንግለጽ። ከሥር ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ መሠረቱን ይዞ ይሄዳል። ከላይ ዜማው ይጫወታል። መካከሉን ደግሞ ኦርጋን፣ ወይም ፒያኖ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሐርፕሲኮርድ ይሞላዋል። ይህ መካከለኛው ክፍል ግን በኖታ ተዘርዝሮ አይጻፍም፤ በታችኛው ድምፅ ኖታ ላይ ቁጥሮች ብቻ ይደረጋሉ፤ አጃቢው ቁጥሮቹን አይቶ የቀረውን በዕውቀቱ ያሟላል። የኛ መሪጌታ በድጓው ቃል ላይ የተደረገችውን ምልክት አይቶ ሙሉውን ዜማ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ምልክቷ ትንሽ ናት፤ ያልተማረ ሰው ምንም አያገኝባትም።

ቴሌማን የተወለደው ማግደቡርግ ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናቱ ብቻዋን አሳደገችው፤ ምኞቷም ተምሮ የአባቱን ፈለግ እንዲከተል ወይም ሌላ የተከበረ ሥራ እንዲይዝ ነበር። ልጁ ግን ዋሽንቱንም ቫዮሊኑንም አብዛኛውን በራሱ ተለማመደ፤ 12 ዓመት ሲሆነው ኦፔራ ደርሶ አሳየ። ኦፔራ ማለት በዘፈን የሚነገር ቲያትር ነው። ይሄኔ ጎረቤትና ዘመድ ወደ እናቱ ይመላለስ ጀመር፤ ልጅሽ ገመድ ላይ ከሚራመደው ዘዋሪ ጋር ሊቆጠር ነው እያሉ አስፈራሯት። እናትም መሣሪያዎቹን በሙሉ ቀማችው። ማሲንቆ አንስቶ አዝማሪ ልትሆንብን ነው ተብሎ የተገረፈ ልጅ በኛም አገር ስንት አለ! ጎረቤት መቼም በየትም አገር ጎረቤት ነው።

ልጁ አልተወም። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ኖታ ይጽፋል፤ መሣሪያ ይዋስና ሰው በማይሰማበት ቦታ ይጫወታል። እናቱ መላው ሲጠፋት በ1694 ዘለርፌልድ ወደምትባል ተራራማ የማዕድን ከተማ ላከችው፤ ከሙዚቃ ይርቃል ብላ ነው። የሄደበት ቤት ጌታ፣ ካስፓር ካልፈር የሚባል የቤተ ክርስቲያን ኃላፊ፣ እሱ ራሱ የሙዚቃና የሒሳብን ዝምድና የሚመረምር ሰው ሆኖ ተገኘ። ምን ይደረግ! አንድ የበዓል ቀን የከተማዋ የመዘምራን አለቃ ታመመና ልጁ ዜማውን ደርሶ መዘምራኑን እንዲመራ ታዘዘ። ቁመቱ አጭር ስለነበር እንዲታይ አግዳሚ ወንበር ላይ አቆሙት። በዓሉ ሲያልቅ የማዕድን ቆፋሪዎቹ ብድግ አድርገው ተሸከሙት። ቴሌማን በስተርጅና ይህን ሲያወራ ደስ ያሰኛቸው ከዜማው ይልቅ የልጁ ማነስ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቀልዷል።

ከዚያ ሂልደስሃይም ገብቶ ሁለተኛ ደረጃ ተማረ። እዚያ ሳለ ኦርጋን፣ ኦቦ፣ ቪዮላ ዳ ጋምባ፣ ትልቁን ባስ፣ ትሮምቦኑን ሳይቀር ይሞክር ነበር። ሁሉን በደንብ ይጫወት ነበር ለማለት አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። መሣሪያውን በእጁ የያዘ ደራሲ የትኛው ድምፅ ለጣት እንደሚመች፣ የትኛው ትንፋሽ እንደሚያሳጣ ያውቃል። የቴሌማንን ድርሰት የሚጫወቱ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያመሰግኑት በዚህ ነው፤ መሣሪያን ያለ ባሕርዩ አያስገድድም።

በ1701 ሕግ ሊማር ወደ ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ለእናቱ ሙዚቃን እርግፍ አድርጌ እተዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በመንገድ ሐለ ከተማ ላይ ገና የ16 ዓመት ልጅ ከነበረው ከሄንደል ጋር ተዋወቀ፤ ወዳጅነታቸው እስከ እርጅና ዘልቋል። ላይፕሲግ ደርሶ ከአንድ ተማሪ ጋር በደባልነት ገባ። ደባሉ ዕቃው መካከል የመዝሙረ ዳዊት ቅንብር አገኘና አስወሰደው፤ በሚቀጥለው እሑድ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ተዘመረ። የከተማው ከንቲባ ሰምቶ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዲስ ድርሰት እንዲያቀርብ አዘዘው፤ ገንዘብም ተቆረጠለት። የሕጉ ትምህርት እዚያው ላይ ቀረ ማለት ይቻላል። በ1702 ወደ 40 የሚሆኑ ተማሪዎችን ሰብስቦ የሙዚቃ ማኅበር አቋቋመ። ያ ማኅበር ከሱ በኋላም ኖረ፤ በ1729 ባኽ ራሱ አለቃው ሆኗል። ተማሪዎች ለራሳቸው ያቋቋሙት ነገር እንዲህ ረጅም ዕድሜ ሲያገኝ ልብ ያሞቃል፤ የተቋማችን ክበባት ጉዳይ ለሌላ እትም ይቆየን።

በ1705 ዞራው በሚባል ቦታ፣ ዛሬ የፖላንድ ግዛት ውስጥ ባለው፣ የአንድ መስፍን የሙዚቃ አለቃ ሆነ። መስፍኑ ፈረንሳይ ደርሶ የመጣ ስለነበር የፈረንሳዩን ስልት ወደደ፤ ቴሌማንም ያንን አጥንቶ በብዛት ጻፈለት። ዋናው ትምህርት ግን ከቤተ መንግሥቱ ውጭ ነበር። መስፍኑ ወደ ክራኮውና ወደ ሌላው ርስቱ ሲጓዝ ቴሌማን አብሮ እየሄደ የፖላንድ ገበሬዎችን ጨዋታ በየመጠጥ ቤቱ ሰማ። ባለ ቫዮሊኖቹና በአየር የሚሞላ የቆዳ አቁማዳ ያለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱት ሰዎች ኖታ አያውቁም። ጨፋሪው ሲያርፍ ግን ከራሳቸው እያፈለቁ የሚጨምሩት ነገር አስደነቀው፤ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው በስምንት ቀን ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ሐሳብ ይሰበስብ ነበር ሲል ጽፏል።

ይህን የዋጃና የአካባቢዋ ልጅ ለመረዳት አይቸገርም። ከቆቦ አላማጣ ባለው ሜዳ ላይ ሠርግ ያየ ሰው አንዱ ዘፈን ውስጥ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው እንዴት እንደሚገናኝ ያውቃል። የሶለል ልጃገረዶች ከበሮ ሲመቱ ይህ ምት ከየት መጣ፣ ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቴሌማን ግን ጠይቆ ጻፈው። የፈረንሳዩን የጭፈራ ስልት፣ የጣሊያኑን ኮንሰርቶ፣ የጀርመኑን የተወሳሰበ አጻጻፍና የፖላንድን የገበሬ ምት አንድ ላይ አምጥቶ ሠራበት። በዘመኑ ድብልቅ ጣዕም ይባል ነበር። አንዳንዱ የዚያን ጊዜ ሊቅ የገበሬውን ጨዋታ አረመኔ ነው ብሎ ሲንቅ እሱ ኮት አልብሼ አመጣሁት ይል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ እንለፈው። በ1708 አይዘናኽ ገባ፤ የባኽ የትውልድ ከተማ ናት። ከባኽ ጋርም በዚህ ጊዜ ተወዳጁ፤ በ1714 ባኽ ልጁን ሲያስጠምቅ ክርስትና አባት የሆነው ቴሌማን ነው፤ ልጁም ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል ተባለ፤ ፊሊፕ የቴሌማን ስም ነው። የቴሌማን የመጀመሪያ ሚስት በ1711 ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ሞተች። በ1712 የፍራንክፈርት ከተማ ተቀጠረ፤ እዚያው በ1714 ሁለተኛ ሚስት አገባ።

ሃምቡርግ የገባው በ1721 ነው፤ እስኪሞት 46 ዓመት እዚያው ቆየ። ሥራው የአምስት ታላላቅ ቤተ ክርስቲያናትን ሙዚቃ መምራትና ዮሐኔዩም በሚባለው ትምህርት ቤት ማስተማር ነበር። ለየእሑዱ ካንታታ፣ ማለት በድምፅና በመሣሪያ የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ድርሰት፣ ማዘጋጀት አለበት። በየዓመቱ ለሕማማት አንድ ትልቅ ድርሰት ይጨመራል፤ የከተማ በዓል፣ የሹመት ቀን ሲመጣ ሌላ ይታዘዛል። በዚያ ላይ ከ1722 እስከ 1738 የከተማውን ኦፔራ መርቷል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ በአደባባይ ገንዘብ እየተቀበለ ሙዚቃ ያሰማል ተብሎ ክስ ቀረበበት። በመጀመሪያው አንቀጽ ያነሳነው የላይፕሲግ ቦታ ብቅ ያለው በዚሁ ዓመት ነው፤ እሱም ዕድሉን ለደመወዝ ጭማሪ ተጠቀመበት። መምህር ደመወዝ ሲጠይቅ ጊዜ መምረጥ ማወቁ አይከፋም።

እኛን ከሁሉ የገረመን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሙዚቃ በእጅ ተገልብጦ በመኳንንት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ሣጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ኖታ ማሳተም ውድ ነው። ቴሌማን ለስላሳ የብረት ሰሌዳ ላይ ኖታውን ራሱ በእጁ እየቀረጸ ማሳተም ጀመረ። ገዢዎችን አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ሲታተም ይልክላቸዋል። ከ1725 እስከ 1740 ባለው ጊዜ ከ40 በላይ ሥራዎች እንዲህ አወጣ። በ1733 የወጣውን የማዕድ ሙዚቃ 206 ሰዎች ተመዝግበው ገዝተውታል፤ አንዱ ለንደን የነበረው ሄንደል ነው። በ1738 ፓሪስ ላይ ላሳተማቸው ኳርቴቶች ከተመዘገቡት መካከል የላይፕሲጉ ባኽ አለበት።

ለማን ነው የጻፈው? ለብዙ ሰው የሚጠቅም ለጥቂት ከሚጽፍ ይበልጣል የሚል እምነት ነበረው። በ1725 የጀመረው አንድ ሥራ የዓመቱን በዓላት የሚያዳርሱ 72 ካንታታዎች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው አንድ ዘማሪ፣ አንድ የዜማ መሣሪያና ከሥር የሚያጅብ ብቻ ነው። ትልቅ መዘምራን የሌላት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የሚጸልይ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። በ1728 ደግሞ በቫዮሊን ወይም በፍሉት የሚጫወቱ ሶናታዎች አወጣ፤ የመጀመሪያው ቀርፋፋ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ መስመር ላይ ባዶው ዜማ፣ ሌላው መስመር ላይ ያው ዜማ ጌጡ ተጨምሮበት። ጌጥ በዚያን ጊዜ ተጫዋቹ ከራሱ የሚጨምረው ነገር ስለነበር ጀማሪው የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው። መምህር የሌለውስ? ወረቀቱን አይቶ ባዶውን ከተጌጠው ያነጻጽራል። በ1733 የጀመራቸው 48 መዝሙሮችም እንዲሁ ናቸው፤ አጃቢው ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ከሥሩ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ የሚል ማብራሪያ አለው። እኛ የትምህርት መርጃ መሣሪያ የምንለው ይህ አይደለም እንዴ?

ደግሞ ጋዜጣ ነበረው። ታማኙ የሙዚቃ መምህር ይባላል፤ በ1728 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በአራት ገጽ እየወጣ 25 ቁጥር ደርሷል። በጀርመን አገር የመጀመሪያው ባለ ኖታ የሙዚቃ መጽሔት ነው። ሶናታው መካከል ላይ ገጹ ያልቅና የቀረው በሚቀጥለው ቁጥር ይመጣል፤ እኛ ቦታ ሲያልቅብን ይቀጥላል ብለን እንደምናቆመው መሆኑ ነው። ልዩነቱ የሱ አንባቢ ቀጣዩን ለማግኘት ገንዘብ መክፈሉ ነው! በዚህ ጋዜጣ የራሱን ብቻ አላወጣም። የባኽን አንድ አጭር ድርሰት አውጥቷል፤ ከድሬስደን የፒዘንደልን፣ የዘለንካን፣ የቫይስን ጽሑፍ ለምኖ አስገብቷል። ዘለንካ በሕይወት ሳለ ከታተሙለት እጅግ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ቤቱ ግን ጥሩ አልነበረም። ሁለተኛ ሚስቱ ዘጠኝ ልጆች ወልዳለታለች፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ሆነው ሞቱ። ሴትዮዋ ቁማር ትጫወት ነበር። ዕዳው ከዓመት ገቢው በለጠ። በ1736 ገደማ ትታው ወጣች። የሃምቡርግ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ከኪሳራ አዳኑት፤ ዕቁብ ሳይጥሉ ዕቁብ ደረሳቸው እንደማለት ነው። እሱም በ1737 ለስምንት ወር ፓሪስ ሄደ፤ እዚያ ያሉት ዝነኛ ተጫዋቾች ሥራውን አቀረቡለት፤ ተከብሮ ተመለሰ።

ከ60 ዓመቱ በኋላ የአትክልት ፍቅር ያዘው። ከየአገሩ ብርቅ የሆነ ተክል ያስመጣል። ሄንደልም ይህን ስለሚያውቅ በ1750 ከለንደን ተክል ልኮለታል። ቀጥሎ ቴሌማን ሞተ የሚል ወሬ ለንደን ደረሰ። ወሬው ውሸት መሆኑን አንድ የመርከብ አዛዥ ሲነግረው ሄንደል በ1754 አንድ ሣጥን ሙሉ ተክል ላከ። ሁለት የ70 ዓመት ሰዎች፣ አንዱ ዓይኑ የጠፋ፣ በመርከብ አበባ ሲላላኩ ማሰብ ነው።

በ1755 የበኩር ልጁ ሞተና የልጅ ልጁን ጌኦርግ ሚኻኤልን ማሳደግ ያዘ። ሽማግሌው ያረፈ ሲመስል እንደገና ብዕሩን አነሳ። በዚያው ዓመት ሊዝበንን የመሬት መንቀጥቀጥ አወደማት፤ እሱ በ1756 ስለ ነጎድጓድ ድርሰት አቀረበ። በ1762 የፍርድ ቀን የሚባለውን ጻፈ። በ1765፣ በ84 ዓመቱ፣ ኢኖ የምትባል ሕፃን ልጇን ይዛ ከገደል ወደ ባሕር ስለዘለለች እናት ለአንዲት ድምፅ ደረሰ። ዓይኑ ደክሞ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ነው። ሙዚቃው ግን የሽማግሌ አይደለም፤ ከልጅ ልጆቹ ዘመን ደራሲዎች ጋር አብሮ ይሮጣል። ኢኖን ያላዳመጠ ሰው ቴሌማን የማዕድ ሙዚቃ ብቻ ነው ቢል አይፈረድበትም። ቴሌማን በጁን 25 ቀን 1767 ሞተ። ቦታውን የወረሰው የክርስትና ልጁ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል ባኽ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ክፉው ነገር የመጣው። የ19ኛው መቶ ዘመን ሰው ደራሲን የሚያከብረው ጥቂት ጽፎ፣ በመከራ አምጦ ሲገኝ ነው። ቴሌማን ደግሞ ከ3000 በላይ ሥራ ጽፏል። ብዙ ስለጻፈ ጥልቀት የለውም ተባለ። ከዚያ በኋላ ማንም ኖታውን ገልጦ አያይም፤ አንዱ መጽሐፍ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል። የባኽን ታላቅ የሕይወት ታሪክ የጻፈው ፊሊፕ ሽፒታ ቴሌማንን ከባኽ ጋር እያወዳደረ አሳነሰው። አልበርት ሽቫይትዘርም፣ በኋላ በአፍሪካ በሐኪምነት የታወቀው፣ በዚሁ መንገድ ሄደ። ነገር ግን ባኽ ጻፋቸው ተብለው ከተመሰገኑት ካንታታዎች ውስጥ የቴሌማን የሆኑ ተገኙ! በባኽ ሥራዎች መዝገብ ቁጥር 141፣ 160፣ 218 እና 219 ተብለው የገቡት አራቱ የቴሌማን መሆናቸው በምርምር ተረጋግጧል። ያው ዜማ ባኽ የሚል ስም ሲኖረው ጥልቅ፣ ቴሌማን ሲባል ጥራዝ ነጠቅ ሆኖ ነበር።

ተገላቢጦሹም አለ። ቴሌማን ከላይፕሲግ ከሄደ በኋላ ዮሐን ፍሪድሪኽ ፋሽ የሚባል ተማሪ በሱ ስልት አንድ ድርሰት ጽፎ የቴሌማን ነው ብሎ ለተማሪዎቹ ማኅበር አቀረበ። አመኑት፤ ወደዱት። ፋሽ ቆይቶ ራሱ ታላቅ ደራሲ ቢሆንም በሕይወቱ ሳለ አንድም ሥራው አልታተመለትም። እኛ መምህራን ፈተና ስናርም ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አጥፈን ብንጀምር ምን ይመስላል? ከአንደኛው ወንበር ተማሪ ጥሩ መልስ፣ ከመጨረሻው ወንበር ደግሞ የተኮረጀ መልስ የምንጠብቅ ስንቶቻችን ነን?

መመለሱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሥራው ጨርሶ እንዳይጠፋ ካደረጉት አንዱ የልጅ ልጁ ጌኦርግ ሚኻኤል ነው፤ ሪጋ ከተማ የመዘምራን አለቃ ሲሆን የአያቱን ጽሑፎች ይዞ ሄዶ ያሰማቸው ነበር። በ1907 ማክስ ሽናይደር የሚባል ሊቅ የፍርድ ቀንና ኢኖን አሳተመ። ፈረንሳዊው ደራሲ ሮማን ሮላን ስለ ቴሌማን አዲስ ምዕራፍ ጻፈ። ከ1950 ጀምሮ የተመረጡት ሥራዎቹ በተከታታይ ጥራዝ መውጣት ያዙ፤ ከ1962 ጀምሮ ማግደቡርግ በስሙ የሙዚቃ በዓል ታከብራለች። ሙዚቀኞች በድሮው ዓይነት መሣሪያ መጫወት ሲጀምሩ ደግሞ ወረቀት ላይ ቀላል የመሰለው ነገር ጆሮ ላይ ሌላ ሆነ። ሦስት ሺህ ሥራ ሁሉ ወርቅ ነው አንልም፤ ከሰማነው ውስጥ ያሰለቸን አለ። ግን ያሰለቸን ሰምተነው ነው።

እሱ ሲነሳ ጎረቤቶቹም ተነሱ። ግራውፕነር በ1760 ሲሞት ወራሾቹና የዳርምሽታት ቤተ መንግሥት ጽሑፎቹ የማን ናቸው ብለው ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ ጽሑፎቹን ከመበታተን አዳናቸው፤ ከ1400 በላይ ካንታታዎቹ እዚያው ዳርምሽታት ውስጥ ተገኙ። ዘለንካ የቦሄሚያ ሰው ነው፤ ድሬስደን ቤተ መንግሥት ትልቁን ባስ እየተጫወተ ይደርስ ነበር። ሲሞት ቤተ መንግሥቱ ጽሑፎቹን ቆለፈባቸው። ቴሌማን አንዱን ሊያሳትምለት ሞክሮ አልሆነለትም። ለኦቦ የጻፋቸው ስድስት ሶናታዎች ከ1970ዎቹ ወዲህ በሸክላ ሲቀረጹ ዓለም ይህ ሰው የት ነበር አለ። ዘለንካን መስማት የሚፈልግ በነሱ ይጀምር፤ ትንፋሽ ያሳጥራሉ።

የቴሌማንን ለመጀመር ደግሞ ለፍሉት ብቻ የጻፋቸው 12 ፋንታሲያዎች አሉ። አጃቢ የላቸውም፤ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ጥቂት ደቂቃ። አንዷ ዋሽንት ከላይና ከታች እየዘለለች ሁለት ሰው የሚጫወት ታስመስላለች። ከመካከላችን ዋሽንት የሚነፉ ቀርፋፋዎቹን እንዲሞክሯቸው ጠይቀናል። ለቪዮላ ዳ ጋምባም እንዲሁ 12 ፋንታሲያዎች በ1735 አሳትሞ ነበር፤ መታተማቸው ይታወቃል እንጂ አንድም ቅጂ አልተገኘም ነበርና ጠፉ ተብሎ ተተወ። በ2015 ኦስናብሩክ በሚገኘው ቤተ መዛግብት፣ ከአንድ የድሮ መኳንንት ቤት በመጡ ወረቀቶች መካከል፣ አሥራ ሁለቱም ተገኙ። 280 ዓመት ተቀምጠዋል። በ2016 እንደገና ታተሙ፤ ተቀረጹም፤ አሁን ስልክ ያለው ሁሉ ሊሰማቸው ይችላል።